አባ ኮዳና ሾላ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስለሚኖሩት ስለነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ስለ ትልቁ ወፍ አባ ኮዳና ስለ ሾላ ዛፍ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቱን እነሆ።

«ልጄ ‹አባ ኮዳ ይበልጣል ወይስ ሾላ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

በቁመት ሾላ ከ20 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ አባ ኮዳ ግን 1.5 ሜትር ቢደርስ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ግን ከ2.5 ሜትር ሊበልጥ ይችላልና የሐዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ወስደው ያሳዩዋት። እኔ ብሆን በልጅ አስተዳደጋቸው አስረዳት ነበር። አባ ኮዳ 2 ወይም 3 እንቁላል ይጥላል፤ እናትና አባት እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ፤ ጫጩቱ ጎጆውን የሚለቀው ከ3 ወር በኋላ ነው። የሾላን ዘር ግን ፍሬውን የበሉ ወፎች፣ ጦጣዎችና የሌሊት ወፎች ናቸው ርቀው የሚጥሉለት።

«ሾላ ሲያብብ አይቼ አላውቅም። እንዴት ያፈራል?»

ያብባል። አበባው ግን ፍሬ በምንለው ድቡልቡል ነገር ውስጥ ተዘግቷል፤ «ሾላ በድፍን» ማለት በእውነትም ይኸው ነው። ያልበሰለውን ለሁለት ይሰንጥቁት፤ ጥቃቅን አበቦች ሞልተውት ያያሉ። ወደዚያ የምትገባው ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ተርብ ናት። በጠባቧ ቀዳዳ ስትሽሎከለክ ክንፎቿ ይረግፋሉ፤ ከተወለደችበት ሾላ ይዛ የመጣችውን የአበባ ብናኝ ታራግፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ከሚፈለፈሉት ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም፤ ለሴቶቹ መውጫ ቦርቡረው ሕይወታቸው ያልፋል። ይህች ተርብ በሌለችበት በጥንቷ ግብፅ ገበሬዎች ፍሬው እንዲበስል አንድ በአንድ ይሰነጥቁት ነበር።

«የአባ ኮዳ እግር ለምን ነጣ?»

ኩሱ ነው። ሙቀት ሲበዛበት በፈሳሽ ኩስ እግሩን ያርሳል፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ቆሻሻ ነው ብለው አይናቁት። ሾላም ከቅጠሎቹ ውኃ እያተነነ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ከሥሩ ስንቀመጥ የሚሰማን ቅዝቃዜ ከፊሉ ከዚያ የመጣ ነው።

«አንገቱ ላይ ያለው ኮዳ የዓሣ ማስቀመጫ ነው?»

አይደለም። የሚሞላው አየር ነው።

«በሆቴላችን ግቢ ሾላ ላይ አባ ኮዳዎች ጎጆ ሠሩ። ሽታው እንግዶችን ስላስቸገረ ዛፉን ልናስቆርጠው ነው።»

እባካችሁ አትቁረጡት! ያን የሚያህል ሾላ ዛሬ ብትተክሉ ጥላው የሚደርሰው ለልጆቻችሁ ነው። ወንበሮቹን አንሡ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ታገሡ፤ ከዚያ ከመቀመጫው በላይ ያሉትን ቅርንጫፎች ብቻ አስከርክሙ። የወጥ ቤቱን ትርፍራፊም ክደኑ፤ ወፉን የሚጠራው እሱ ነው። ፌስታሉን ደግሞ ለብቻ አስወግዱ። አንድ አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት ከነጥቁር ፌስታሉ ሲውጥ ቆሜ አይቻለሁ፤ ጉሮሮው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ይታይ ነበር።