ጄቱን ልያዝ ወይስ የካፒቴንነት ተራዬን ልጠብቅ? ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ድርጅታችሁ ኪው400ዎቹን (ባለ ፕሮፔለሮቹን፣ ቱርቦፕሮፕ የሚባሉትን) በሁለት ዓመት ውስጥ አስወጥቶ በኢ175 ጄት ሊተካ ነው። አንተ ኪው400 ላይ ረዳት አብራሪ ነህ፣ የካፒቴንነት ተራህ ሊደርስ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፣ አሁን ደግሞ ጄት የምትፈልጉ ተመዝገቡ ተብላችኋል። እስካሁን የመለሱልህ አብዛኞቹ "ጄት እያለ ምን ያሳስብሃል" ነው ያሉህ። እኔ አልስማማም። እኔም የመጣሁት ከቱርቦፕሮፕ ነው፣ የፍሊት (የአውሮፕላኖች ስብስብ) ለውጥ መሀል ገብቼ ወጥቻለሁ፣ አሁን የማበርረው ጄት ነው። ሲኒየሪቲያችሁ (ተራ የሚያሰጣችሁ የአገልግሎት ቅደም ተከተል) የሚቆጠረው ከቅጥር ቀን ከሆነ ኮማንዱን፣ ማለትም ካፒቴንነቱን፣ ያዝ። ጄቱ ይደርስልሃል።

ለምን መሰለህ፣ ነገ ሌላ ቦታ ስታመለክት ቶሎ ዓይን የሚገባው የካፒቴን ሰዓትህ ነው። ብዙ ቦታ 500 ወይም 1000 ይጠይቃሉ። ቱርቦፕሮፕም ተርባይን ስለሆነ ይቆጠራል። የጄት ሰዓት የግድ የሚሉ ቀጣሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ግን እነሱም ቢሆኑ በቀኝ ወንበር፣ በረዳትነት፣ ያጠራቀምከውን ሰዓት ለካፒቴንነት አይቆጥሩልህም። ሒሳቡን ሥራው እስቲ። በወር 65 ሰዓት ገደማ ከበረርክ 1000 ለመሙላት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ጥያቄው ኪው400ዎቹ ኮማንድ ከያዝክ በኋላ ያን ያህል ይቆያሉ ወይ ነው።

በስብሰባ ላይ የተነገራችሁን "ሁለት ዓመት" እንደ ውል አትያዘው። የመውጫውን ቀን የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛ የኪራይ ውሉ ነው። አውሮፕላኖቹ የተከራዩ ከሆኑ ውሉ ሲያልቅ ለባለቤቱ ይመለሳሉ፣ ማዘግየት ገንዘብ ያስወጣል፣ ስለዚህ ጄቱ ደረሰም አልደረሰም አንዳንዶቹ ይሄዳሉ። ሌላው የስልጠና አቅም ነው። የሲሙሌተር (የበረራ መለማመጃ ማሽን) ቦታ ካልተገኘ ወይም አሰልጣኝ ካነሰ አዲሱ አውሮፕላን አብራሪ ሲጠብቅ መሬት ላይ ይቆማል፣ አሮጌው ደግሞ ይራዘማል። በሁለቱም በኩል ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሆራይዘን የተባለው አየር መንገድ ኪው400 ሊያስወጣ ነው የተባለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነበር፣ በጃንዋሪ 2023 አንድም አልቀረም፣ ሁሉም ኢ175 ሆነ። የጥገና ክፍል ውስጥ ወዳጅ ካለህ እሱን ጠይቀው። ለአሮጌዎቹ ትልቁ ፍተሻ እየታቀደላቸው ከሆነ ይቆያሉ፣ ካልሆነ ሻንጣቸውን አስረዋል።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። በሽግግር ጊዜ አሮጌው ፍሊት ላይ የሚቀር ሰው ይደክማል። አሰልጣኞቹ ቀድመው ወደ ጄት ይሄዳሉ፣ አብራሪዎቹ በየተራ ስልጠና ይገባሉ፣ በረራው ግን አይቀነስም። በዕረፍት ቀንህ ስልክ ይደወላል። ስታንድባይ (ለጥሪ ተጠባባቂ) የተባለው ቀን ሁሉ የሥራ ቀን ይሆናል። ያኔ የነበርኩበት ድርጅት ሮስተሩን (የሥራ መርሐ ግብሩን) ወር ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር የሚያወጣው፣ ሰርግም ልቅሶም ማቀድ አይቻልም ነበር። ኮማንዱን ያዝ ስልህ ይሄንን ችለህ ነው።

ጄቱስ ይሻላል? ለሰውነትህ በብዛት አዎ። ኪው400 ላይ በቀን አምስት ስድስት ሴክተር (ከመነሣት እስከ ማረፍ ያለ አንድ በረራ) ትሠራለህ፣ ከ25,000 ጫማ በታች በረዶውና ደመናው ውስጥ ነህ፣ መሬት ላይ ያለህ ጊዜ ሳንድዊች እንኳ አያስጨርስም። ኢ175 እስከ 41,000 ጫማ ይወጣል፣ መስመሩ ይረዝማል፣ ሴክተሩ ይቀንሳል። ሕጉም ይሄን ያውቀዋል፤ በአውሮፓ ደንብ የቀን የሥራ ጣሪያው ቢበዛ 13 ሰዓት ሆኖ ከሦስተኛው ሴክተር ጀምሮ ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ይቀነስበታል። ክፍያችሁ በበረራ ሰዓት ከሆነ ደግሞ አጭር ሴክተር ድርብ ጉዳት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ዩኒፎርም ለብሰህ የሚከፈልህ ግማሹ ብቻ ነው። የጄቱ ጉድ ደግሞ አዳሩ ነው። ቱርቦፕሮፕ ማታ ቤትህ ይመልስሃል፣ ጄት ሆቴል ያሳድርሃል። ልጅ ያለው ሰው ይሄ ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ቤዝህን፣ የተመደብክበትን ጣቢያ፣ አስብ። ፍሊት ሲቀየር ትናንሾቹ ቤዞች ይዘጋሉ፣ ጄቶቹ ዋናው ጣቢያ ላይ ይሰበሰባሉ፣ አንተም ወይ ቤት ትቀይራለህ ወይ በተሳፋሪነት እየተመላለስክ ትሠራለህ። መመላለሱን ቀላል አታድርገው። በ2009 ቡፋሎ አቅራቢያ የወደቀውን ኪው400 ታስታውሳለህ፣ 50 ሰው ያለቀበት። ካፒቴኑ ሌሊቱን አየር ማረፊያው ያለው የሠራተኞች ክፍል ውስጥ ነበር ያሳለፈው፣ ረዳቷ ደግሞ ከሲያትል ሌሊቱን ተጉዛ ነበር የደረሰችው። አደጋው በአንድ ምክንያት የመጣ አይደለም፣ መርማሪዎቹ ዋና ያሉት ካፒቴኑ ለስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው) ማስጠንቀቂያው የሰጠውን የተሳሳተ ምላሽ ነው። ድካሙ ግን እዚያው ኮክፒት ውስጥ ነበር። አሜሪካኖቹ ረዳት አብራሪን 1500 ሰዓት ማስጠየቅ የጀመሩትና ከሥራ በፊት ያለውን ዕረፍት 10 ሰዓት ያደረጉት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ኮማንዱ ከቤትህ የሚያርቅህ፣ ጄቱ ግን እዚያው የሚያቆይህ ከሆነ፣ እስካሁን ያልኩህን ሁሉ ተወውና ጄቱን ያዝ።

ቦንዱንም (ለስልጠናው ሲባል ድርጅቱ ጋ የሚያስርህን ውል) አንብበው፣ ሳታነብ እንዳትፈርም። አዲስ ታይፕ ሬቲንግ (ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን የሚሰጥ የማብረር ፈቃድ) ማለት አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ቦንድ ነው። አሮጌው ሳያልቅ ይደረባል ወይስ ይተካል? ጄቱ ላይ በረዳትነት ከገባህ በኋላ ለካፒቴንነት እስክትወዳደር ስንት ጊዜ ትታሰራለህ? አንዳንድ ቦታ ሁለት ዓመት ወንበር መቀየር አይቻልም፣ እናንተ ጋ እንዲህ ከሆነ አሁን የሚመዘገቡት ጓደኞችህ አንተ ካፒቴን ሆነህ ስትበር እነሱ ገና ይጠብቃሉ።

አበራረሩን በተመለከተ ብዙ አትጨነቅ። ኪው400 ፕሮፔለሩ ራሱ ፍሬን ነው፣ ጄት ግን ቁልቁል ሲሄድ ፍጥነት መቀነስ አይወድም፣ ቀድመህ ማሰብ አለብህ። ሲሙሌተር ላይ ትለምደዋለህ። ኪው400ን በጎን ነፋስ አሳርፎ ጅራቱን ያላስነካ ሰው ኢ175 አያቅተውም፣ እንዲያውም ወንበሩ ይመቻል።

ሁሉን የሚገለብጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲኒየሪቲው ጄቱ ላይ ከገባህበት ቀን የሚቆጠር ከሆነ። ያኔ ኪው400 ላይ ካፒቴን ሆነህ ቆይተህ ዘግይተህ ስትሻገር ከኋላህ የተቀጠረው ልጅ ቀድሞህ ታገኘዋለህ፣ ምናልባትም በረዳት ደሞዝ ወደ ቀኝ ወንበር ትመለሳለህ። እንዲህ ከሆነ ዛሬውኑ ተመዝገብ። ስምምነታችሁ ላይ ስለ ሲኒየሪቲና ስለ ዝውውር የሚለውን አንቀጽ ያለ ድርጅቱ ስም እዚህ ገልብጠህ ጻፍልን፣ ቤዝህ ይዘጋ እንደሆነም ጨምርበት። ከዛ ቁርጡን እንነጋገራለን።