ፑንታህን የሚበላው ቡሎኑ አይደለም

ከሐይቅ ከተማ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ የላክኸውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አይሱዙህ ከኮምቦልቻ እህል ጭኖ ወደ ደሴ ሲወጣ ከሞተሩ ጎን «ጭ፣ ጭ» ማለት ጀመረ። የጭስ ማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ቧንቧ) የመጨረሻ ቡሎን ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ፣ ፊት እኩል ተቆርጦ ተገኘ። አንድ ጋራዥ ግማሽ ቀን ታግሎ «ብረቱ ጠንካራ ነው» ብሎ መለሰልህ። አንተም በግቢህ ሦስት አዲስ ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) ጨረስክ፤ አንዱም አንድ ሚሊ ሜትር አልገባም። አሁን የምትጠይቀኝ ቴስታታውን አውርደህ በሸብ ትቀቅለው እንደሆነ ነው።

አታውርደው። ከጻፍከው ሁሉ ዓይኔን የያዘው «ከቀዳዳው መሃል አንድ ነጥብ ታበራለች» ያልከው ነው። የማኒፎልድ ቡሎን ፑንታ አያቃጥልም፤ ደህና ፑንታ እንደ አይብ ባይሆንም ይበላዋል። ያቺ የምታበራው ነጥብ የቡሎን ማውጫ ስባሪ ናት ባይ ነኝ፤ ማውጫ የተሰበረ ቡሎን ተበስቶ ውስጡ ገብቶ እየተጠመዘዘ የሚያወጣው መሣሪያ ነው። ጋራዡ ቡሎኑን በስቶ ማውጫ ከተተበት፣ ማውጫው ውስጡ ተሰበረ፣ ሳይነግሩህ መኪናውን መለሱልህ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። መስበር በማንም ይደርሳል፤ መደበቅ ግን የሌላውን ሰው ፑንታና ቀን ማባከን ነው። ለማረጋገጥ ሹል ብረት ወስደህ ጫር አድርገው። ዳሩ ይጫራል፣ መሃሉ ያንሸራትትሃል። ማውጫው የተሠራው ከፑንታው በማያንስ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ፑንታ አይነካውም። የገበያው ርካሽ ማውጫ ደግሞ ጥንካሬው ያለመጠን ስለሆነ ገና ሳይጠመዘዝ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

ሸቡን በተመለከተ፦ የሸብ ውሃ ሲፈላ ብረት ይበላል፣ አሉሚኒየምን ብዙም አይነካም። ለአሉሚኒየም አካል ጥሩ ዘዴ ነው። ያንተን ቴስታታ ግን ማግኔት ይይዘዋል ብለሃል፤ ብረት ነው ማለት ነው። ሸቡ ቡሎኑን ሲበላ ቴስታታውንም ይበላልሃል።

ከመጀመርህ በፊት መነጽር አድርግ። የዓይን መከላከያ መነጽር እንጂ የፀሐይ አይደለም፤ ጎኑም የተከደነ ይሁን። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እንዲህ ያለ ስባሪ ሲመታ ፍንጣሪው ዓይኑ ገብቶ እስከ ዛሬ በአንዱ ያያል።

መጀመሪያ በጠንካራ ሹል መምቻ የማውጫውን ጠርዝ እየመታህ ሰባብረው፤ ፍርፋሪውን በማግኔትና በመርፌ ልቀም። ዕድል ካለህ ቀዳዳው ይጸዳል። ካልሆነ ወደ ብየዳ እንሂድ። የባትሪውን ሁለቱንም ገመድ ፍታ። የብየዳውን መሬት ገመድ ቻሲስ ላይ ሳይሆን እዚያው ቴስታታው ላይ እሰረው፣ አለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔቶቹ በኩል ይሄድና ያበላሻቸዋል። ናፍጣውን ጥረግ። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ ከ80 እስከ 90 አምፔር፣ ቡሎኑ ላይ ትንሽ ጉብታ ሥራ። ኤሌክትሮዱ ደረቅ ይሁን፤ በክረምት የደሴ ጉም ገብቶበት የከረመ ኤሌክትሮድ አይያዝልህም። ብየዳው መያዝ ያለበት ማውጫውን ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን የቡሎን ቀለበት ነው። የተበሳው ቀዳዳ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ቀለበቱ ከሚወፍርበት ጀምር። የብየዳውን ቅርፊት አራግፈህ ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) አድርግ፣ ከላይ ዳዶ (ቡሎን የሚታሰርበትን ባለ ጥርስ ቀዳዳ ብረት) ጫን፣ በዳዶው ውስጥ ሞልተህ በይድ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ዳዶው ገና ቀይ እያለ ቁልፍ ያስገባና ይቆርጠዋል። ብየዳው የሚጠቅምህ ዳዶ ስለሰጠህ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ዋናው ሥራ የሙቀቱ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቡሎን በ600 ዲግሪ ሲግል ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር መወፈር ይፈልጋል፤ አንድ የራስ ፀጉር ያህል ማለት ነው። ዙሪያውን ያለው ቴስታታ ግን ያን ያህል አልሞቀምና ቦታ አይሰጠውም። የጋለ ብረት ለስላሳ ነው፤ ግድግዳውን መግፋት ሲያቅተው ራሱ ይጨመቅና ወደ ላይ፣ ወደ ርዝመቱ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ ታዲያ የሚኮማተረው ከተጨመቀበት መጠን ተነሥቶ ነው፤ ከቀድሞው ይቀጥናል። በመካከል ያለው ዝገት መለጠጥ አያውቅምና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቡሎኑን የሚፈታው መቀዝቀዙ ነው። ውሃ አታፍስበት። ብየዳውን ጨርሰህ ቡና ይፈላልህ፣ አቦሉን ጠጣ። እጅ አቅርበህ ሙቀቱን መቻል ስትጀምር ሻማ አስነካው፤ ሰሙ ቀልጦ በተሰነጠቀው ዝገት ውስጥ ይሰርጋል። ፍሬን ዘይት፣ ነጭ ጋዝ የሚሉህን ተዋቸው፤ ሰም ይበልጣል።

ከዚያ ቁልፍ ይዘህ ትንሽ ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ። አትጎትተው፣ አወዛውዘው። ዳዶው ከተቆረጠ አትናደድ፣ እንደገና በይድ፤ እያንዳንዱ ሙቀት ሥራውን ይሠራል። እኔ ወላሂ አምስተኛው ላይ የወጣልኝ አለ። ቅርፊቱን በመዶሻ ስታራግፍም መነጽርህ ዓይንህ ላይ ይሁን፣ የብየዳውን ጭምብል ስታነሣ አብረህ አታውልቀው።

ሲወጣልህ የቀዳዳውን ጥርስ በትክክለኛው የጥርስ ማውጫ (ቡሎን ማውጫው ሳይሆን ጥርስ የሚቆርጠው) አጽዳ፤ ቡሎኑ 10 ቢሆንም የጥርሱ ርቀት 1.25 ወይም 1.5 ሊሆን ስለሚችል ከጎኑ ካለው ደህና ቡሎን ጋር አስተያይ። በጅምላ የሚሸጠውን የጥንካሬ ምልክት የሌለው ቡሎን አታስገባበት፤ ሙቀት ሲነካው ይለጠጥና ዳግም ይላላል።

የተሰበረበትን ምክንያት ካላየህ ግን ወሩን አይደፍንም። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ያን ዳገት ጭነት ይዞ ሲወጣ ማኒፎልዱ ይግላል፣ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፣ ቴስታታው ግን ባለበት ነው። ስለዚህ የሚቆረጡት ጫፍ ያሉት ናቸው። ማኒፎልዱን አውርደህ ቀጥ ያለ ብረት አጋድምበትና በመካከላቸው ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) አስገባ። ክፍተቱ ከ0.3 ሚሊ ሜትር ካለፈ እኔ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስልሰዋለሁ። አዲስ ጓርኒሲዮን (በማኒፎልዱና በቴስታታው መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) አድርግ፤ ቡሎኖቹን ከመሃል ጀምረህ ወደ ጫፍ በሁለት ዙር አጥብቅ። ሁለትና ሦስት ጭነት ካመላለስክ በኋላ፣ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ እያለ፣ አንድ ጊዜ ድገመው።