የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መልቲሜትሩ ለምን ይዋዥቃል?

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ የጠረጴዛ መልቲሜትር አለኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀት በኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ሙቀትን ወደ ትንሽ ቮልቴጅ የሚቀይር የሁለት ብረት ሽቦ) ስለካ ንባቡ በ0.2 ሚሊቮልት ከፍና ዝቅ ይላል። የባትሪ ድንጋይ ስለካ ግን ጸጥ ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ብልሽት አይመስልም፤ ከቴርሞካፕሉ ጋር የመብራቱን 50 ኸርዝ አብሮ እያነበበ ነው። ኬ ቴርሞካፕል ለአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ 0.2 ሚሊቮልት ማለት የ5 ዲግሪ ስህተት ነው።

መጀመሪያ መልቲሜትሩ ለስንት ኸርዝ የመብራት መስመር (የመስመር ፍሪኩዌንሲ) እንደተዘጋጀ ይመልከቱ። እንዲህ ያለ መልቲሜትር ቮልቴጁን ለተወሰነ ጊዜ ሰብስቦ አማካዩን ያሳያል። ጊዜው ልክ 20 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም አንድ የ50 ኸርዝ ዑደት ከሆነ፣ የሞገዱ ላይኛውና ታችኛው ግማሽ ይጣፋሉ። ለአሜሪካ 60 ኸርዝ የተዘጋጀው ግን 16.67 ሚሊሰከንድ ላይ ስለሚያቆም ከመብራቱ የሚገባው ያልተፈለገ ሞገድ (ኖይዝ) እስከ 19 በመቶው ይተርፋል። 10 ዑደት እንዲሰበስብ ቢያዙትም እስከ 3.3 በመቶ ይቀራል። እንደ ኤችፒ 34401ኤ ያሉት ሲበሩ የመስመሩን ፍሪኩዌንሲ ራሳቸው ይለያሉ፤ ሌሎቹን ከጀርባ ባለው መቀየሪያ ወይም በሜኑ ወደ 50 ያዙሯቸው፣ ከዚያ አጥፍተው ያብሩ። መቀየሪያ ከሌለውና የዑደቱን ቁጥር እንደልብ መምረጥ የሚያስችል ከሆነ 6 ይስጡት፦ 6 የ60 ኸርዝ ዑደትም 5 የ50 ኸርዝ ዑደትም እኩል 100 ሚሊሰከንድ ናቸው።

ጄኔሬተር ላይ ይህ ሁሉ ይላላል። ፍሪኩዌንሲው 51 ኸርዝ ከደረሰ በ20 ሚሊሰከንድ መለኪያ እስከ 2 በመቶ ያልፋል። ስለዚህ ኖይዙን ገመዱ ላይ ማስቀረት ይሻላል።

ቴርሞካፕሉን ፈትተው የመለኪያ ገመዶቹን ጫፍ እዚያው ምድጃው አጠገብ ሾርት ያድርጉ፣ ማለትም እርስ በርስ ያገናኙ። አሁንም ከዋዠቀ በሁለቱ ገመዶች መካከል ባለው ክፍተት መግነጢሳዊ መስክ እየገባ ነው። በየ2 ሳንቲሜትሩ አንድ ዙር ይጠምዝዟቸው፤ ከትራንስፎርመርና ከምድጃው የኃይል ገመድም ያርቋቸው። በገመዱ ላይ የሚጠቀለል የአሉሚኒየም ፎይል ሺልድ (መከላከያ) ለ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስክ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም፤ የሚከላከለው የኤሌክትሪክ መስክን ነው፣ ያም በአንድ ጫፉ ብቻ ከመልቲሜትሩ ሎ (LO፣ አሉታዊ) ተርሚናል ጋር ሲያያዝ።

ሾርት ሲደረግ ጸጥ ካለ ግን ጥፋቱ ከወዲያ ማዶ ነው፤ ብዙ ጊዜ የቴርሞካፕሉ ጫፍ ግራውንድ የተደረገውን (ከመሬት ጋር የተያያዘውን) የምድጃ አካል ስለሚነካ ነው። ጫፉ ከብረት መሸፈኛው በኤሌክትሪክ የተነጠለ ቴርሞካፕል ይግዙ። ጫፉን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ምድጃውን ከሶኬት ይንቀሉ፤ የማሞቂያውን ሽቦ ከነካ 220 ቮልት በቀጥታ ወደ መልቲሜትሩና ወደ እጅዎ ይመጣል።