ጸሎት እምቢ ሲል

እህቴ፣ «እናቴ ካረፈች ወዲህ ጸሎት እምቢ አለኝ፤ እግዚአብሔር ረሳኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። አልረሳሽም።

ሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 3ን ክፈቺ። ከቁጥር 1 ጀምረሽ አንብቢው፤ ብዙዎቻችን ዘለን ቁጥር 22 ላይ እንገባለን። ኢየሩሳሌም ፈርሳለች፣ ሕዝቡ ተማርኳል። በምዕራፉ የሚናገረው ሰው ቁጥር 8 ላይ ብጮኽም ጸሎቴን ከለከለ ይላል። ያንቺው ቃል ነው እኮ! ምሕረቱ አላለቀም፣ ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው የሚለው የመጣው ከዚያ ሁሉ እሮሮ በኋላ ነው። ያኔም ከተማዋ ገና ፍርስራሽ ነበረች።

እኔም አባቴን በቀበርኩበት ዓመት፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። ሐምሌ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ነጠላዬን ተከናንቤ ለኪዳን ጸሎት ቤተ ክርስቲያን እሄድና ግድግዳ ተጠግቼ እቆማለሁ። ካህኑ ሲጸልይ፣ ሕዝቡ ሲመልስ እሰማለሁ። በቃ። የእነሱ ጸሎት ተሸከመኝ።

አንቺም ቃል አትፈልጊ። «አቤቱ ማረኝ» ካልሽ በቂ ነው፤ እሱም ካቃተሽ ዝም ብለሽ ቁሚ። ሀዘኑ እንቅልፍና እህል ከከለከለሽ ግን ለንስሐ አባትሽም ለሐኪምም ንገሪ፤ ብቻሽን አትያዢው።

የእናትሽን ነፍስ ይማር። የክርስትና ስማቸውን ላኪልኝ፣ ነገ ኪዳን ላይ አስባቸዋለሁ።