በጽሑፍ ጠይቁ፦ አሜሪካ ውስጥ ለሚማሩ ልጆቻችን

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታም ሆነ በሲያትል በመንግሥት ትምህርት ቤት ለምትማሩ ነው። ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ እያነበባችሁ ለእናትና ለአባታችሁ የምታስረዱት እናንተ ከሆናችሁ፣ ደብዳቤው በተለይ የእናንተ ነው። በትምህርት ሕግ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ደጋግሞ የሚያየው አንድ ነገር አለ፦ የፌዴራሉ ሕግ ለቤተሰቦቻችን ብዙ ነገር ሰጥቷል፤ ነገር ግን ካልጠየቁት አይንቀሳቀስም፣ በቃል የጠየቁትም ማስረጃ ስለሌለው ሲያስፈልግ አይገኝም።

መጀመሪያ ሕጉ ጉልበቱን ከየት እንደሚያገኝ እወቁ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት ምንም አይናገርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1973 ከሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ በመጣ ጉዳይ፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ወስኗል። የፌዴራሉ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚይዘው በሁለት ገመድ ነው። አንዱ 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ ስቴቱ ለአንዱ ያስተማረውን ለሌላው ሊከለክል አይችልም፣ ተማሪዎችን በዘር ለይቶ ማስተማርን የከለከለው የ1954ቱ የብራውን ውሳኔም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚወጣው ከፌዴራል የሚመጣው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ያንን የተቀበለ ዲስትሪክት፣ ማለትም የአካባቢው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ግዴታውንም አብሮ ይቀበላል። በ1964 የወጣው ታይትል ሲክስ በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር፣ በ1972 የወጣው ታይትል ናይን በጾታ፣ በ1973 የወጣው ሴክሽን 504 ደግሞ በአካል ጉዳት ምክንያት ተማሪን ማግለልን ይከለክላሉ።

ይህ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? ገንዘቡን የተቀበለችው መምህሯ አይደለችም፣ ዲስትሪክቱ ነው። ደብዳቤያችሁም እገሌ በድላኛለች የሚል ሳይሆን፣ ዲስትሪክቱ ይህን እንዲያደርግ እጠይቃለሁ የሚል ይሁን። ሰውን የሚከስ ደብዳቤ ክርክር ያስነሳል፤ አንድን ነገር ለይቶ የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን መልስ ያስፈልገዋል።

ስለ ምዝገባ ላንሳ። በ1982 ፕላይለር በተባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅም እስከ 12ኛ ክፍል በነጻ የመማር መብት እንዳለው ወስኗል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በአካባቢው መኖራችሁንና የልጁን ዕድሜ የሚያሳይ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም የቪዛ ወረቀት ካላመጣችሁ አልመዘግብም ማለት ግን አይችልም። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ሲኖር በስሙ የቤት ኪራይ ውል ስለሌለው ልጆቹን ሳያስመዝግብ ሳምንታት ያልፋሉ። ቤት ለመከራየት አቅም አጥተው የተጠጉ ከሆነ ግን ማኪኒ ቬንቶ የተባለው ሕግ ልጆቹን ቤት እንደሌላቸው ተማሪዎች ይቆጥራቸዋል፤ ወረቀታቸው ባይሟላም ወዲያውኑ መመዝገብ አለባቸው። እያንዳንዱ ዲስትሪክት ለዚህ የተመደበ ሰው አለው። ለመዝገብ ቤቱ «የማኪኒ ቬንቶ ተጠሪውን አገናኙኝ» በሉ።

በምዝገባ ጊዜ የእኛን ሰው ብቻ የሚገጥም ችግርም አለ፤ የዘመን አቆጣጠራችን። በታኅሣሥ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ የተወለደው ዲሴምበር 21 ቀን 2008 ነው። የልደት ወረቀቱ ወይም የትምህርት ማስረጃው ሲተረጎም ወሩና ቀኑ ተቀይሮ ዓመተ ምሕረቱ እንዳለ ከቀረ፣ ልጁ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ያረጃል፤ 16 ዓመቱ የሆነው ልጅ በመዝገቡ ላይ 23 ሊሆን ነው። ከዚያ «ዕድሜው አልፏል» ተብሎ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ይላካል። ትርጉሙን ከማስገባታችሁ በፊት ከፓስፖርቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት፤ ልዩነት ካለም ተርጓሚው የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀመ በወረቀቱ ላይ እንዲጽፍ አድርጉ። የእናትየው ስም ከልጁ የመጨረሻ ስም ጋር ስለማይመሳሰል የሚነሳውን ጥያቄም በአንድ አረፍተ ነገር አስቀድሙት፦ «በባህላችን የልጁ የመጨረሻ ስም የአባቱ ወይም የአያቱ ስም ነው፤ የእናት ስም አይለወጥም።» በ17 ወይም በ18 ዓመት የመጣን ልጅም እንግሊዝኛ አይችልምና ጂኢዲ (የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማን የሚተካ የፈተና ምስክር ወረቀት) ቢይዝ ይሻለዋል እያሉ የሚመክሩ አሉ። ብዙ ስቴቶች እስከ 20 ወይም 21 ዓመት ድረስ በነጻ ያስተምራሉ። በቋንቋው ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት ቤት እንዲወጣ መገፋት የለበትም።

አሁን ወደ ቋንቋ ልግባ፤ እኛን በብዙ የሚነካው ይኸኛው ነው። በ1974 ላው በተባለው ጉዳይ፣ በሳን ፍራንሲስኮ እንግሊዝኛ የማይችሉ የቻይና ተወላጅ ልጆች ያለ ምንም እገዛ ከሌሎች ጋር ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር መስጠት ብቻ እኩል ማስተማር አይደለም አለ፤ የማይሰማውን ቋንቋ ይዞ የተቀመጠ ልጅ ከትምህርቱ ውጭ ነው። በ1981 ደግሞ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት በካስታኜዳ ጉዳይ ሦስት መለኪያ አወጣ፦ ፕሮግራሙ በትክክለኛ የትምህርት ሐሳብ ላይ ይመሥረት፣ መምህርና መጽሐፍ ተሟልቶለት በተግባር ይዋል፣ ውጤቱም ይታይ፤ ካልሠራም ይለወጥ። ሦስተኛውን ያዙልኝ። አንድ ልጅ አምስት ዓመት ኢኤስኤል በሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ እገዛ ፕሮግራም ውስጥ ቆይቶ ካልወጣ፣ «ፕሮግራሙ ለዚህ ልጅ እንዴት ተለወጠ?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በምዝገባ ቀን ከሚሞላ አጭር ቅጽ ነው፤ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ትናገራላችሁ ይላል። ወላጆቻችን ልጄ ዝቅ ብሎ እንዳይታይ እያሉ «እንግሊዝኛ» ብለው ይሞሉታል። ከዚያ በኋላ ልጁ አይፈተንም፤ ካልተፈተነ እገዛ አያገኝም፤ ሲወድቅም ሰነፍ ነው ይባላል። እውነቱን ጻፉ። አዲስ ተማሪ ከተመዘገበ በ30 ቀን ውስጥ መፈተን አለበት፤ እገዛ ያስፈልገዋል ከተባለም ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ወላጅ ፕሮግራሙን አልፈልግም የማለት መብት አለው፤ ልጁ ግን ነጥቡ እስኪደርስ በየዓመቱ መፈተኑ አይቀርም።

ፈተናው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶና በሌሎችም ብዙ ስቴቶች ዊዳ የሚባለው ነው። ነጥቡ ከ1 እስከ 6 ነው። እንግሊዝኛ እንደ ውኃ የሚናገር ልጅ ለምን አይወጣም እያሉ ወላጆች ይገረማሉ። ምክንያቱ ነጥቡ ሲደመር ያለው ክብደት ነው፦ ማንበብ 35 ከመቶ፣ መጻፍ 35 ከመቶ፣ ማዳመጥና መናገር ግን 15፣ 15 ብቻ። ስለዚህ የውጤት ወረቀቱ ሲመጣ አጠቃላይ ነጥቡን ብቻ አይታችሁ አትተዉት። አራቱን መስመር ለየብቻ ተመልከቱ፤ መጻፍ 3 ላይ ቆሞ መናገር 5 ከሆነ፣ የምትጠይቁት እገዛ የጽሑፍ እገዛ ነው። ኢኤስኤል ውስጥ ያለ ልጅ አልጀብራ ወይም ኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ኮርስ) መውሰድ አይችልም የሚል ደንብ ካጋጠማችሁ ደግሞ፣ «ይህ በየትኛው መመሪያ ላይ እንደተጻፈ ላኩልኝ» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የተጻፈ ነገር የለም።

ስለ ማስተርጎም ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ስለ ራሳችሁ ወይም ስለ ወንድምና እህታችሁ በሚደረግ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ አትሁኑ። የተበላሸ ውጤት ወይም የጠብ ወሬ ለእናቱ ሲተረጉም ያላለዘበ ልጅ የለም፤ እናትየውም በለዘበው ላይ ተመሥርታ ትፈርማለች። ለልዩ ትምህርት ስብሰባ አስተርጓሚ ማቅረብ በፌዴራል ደንብ በግልጽ የተጻፈ የዲስትሪክቱ ግዴታ ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲና በአሌክሳንድሪያ ብዙ ወረቀት በአማርኛ ተተርጉሞ ይገኛል፤ ዋሽንግተን ዲሲም ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት። ጥያቄውን ከስብሰባው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ላኩ፤ ቋንቋውንም በስሙ ጥሩ። «ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ለምትናገር እናት አማርኛ ተናጋሪ ይመጣላታል።

ልዩ ትምህርት የሚለውን ቃል ስንሰማ እኛ ዘንድ ቤቱ ጸጥ ይላል። ልጄ ምንም አልሆነም ይባላል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ይባላል፣ በመሐል ማንበብ ያቃተው ልጅ ሦስተኛ ክፍልን አልፎ አምስተኛ ይደርሳል። በ1975 የወጣው፣ ዛሬ አይዲኢኤ የሚባለው ሕግ ከ3 እስከ 21 ዓመት ላሉ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በነጻ ተስማሚ ትምህርት ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚወጣው የትምህርት ዕቅድ አይኢፒ ይባላል፤ በየዓመቱ ይታያል፣ ልጁም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይገመገማል። በ2017 ኤንድሩ በተባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዕቅዱ ልጁን ካለበት ሁኔታ አንጻር በእውነት ወደፊት የሚያራምድ መሆን አለበት ብሏል፤ ያው ግብ ከዓመት ወደ ዓመት እየተገለበጠ ከመጣ ይህን ጥቀሱ። እንግሊዝኛ አለመቻል ብቻውን አካል ጉዳት አይደለም፤ በሌላ በኩል ደግሞ «መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይልመድ» ብሎ ምርመራውን ማዘግየት አይገባም። ምርመራው የሚቻል እስከሆነ ድረስ ልጁ በሚችለው ቋንቋ ይደረጋል።

ወላጅ የሚልከው ጥያቄ ከዚህ የረዘመ አያስፈልገውም፤ እናንተ ጻፉት፣ እነሱ ይፈርሙበት፦

«ልጄ በ4ኛ ክፍል ይማራል። ማንበብ ላይ ከባድ ችግር አለበት። በአይዲኢኤ መሠረት ችግር በተጠረጠረባቸው ዘርፎች ሁሉ እንዲመረመር እጠይቃለሁ። የፈቃድ ቅጹ በአማርኛ ይላክልኝ፤ በስብሰባው ላይም የአማርኛ አስተርጓሚ ይገኝልኝ።»

ቀኑን፣ የልጁን ሙሉ ስምና የተወለደበትን ቀን ጨምሩ። ለርዕሰ መምህሩና ለልዩ ትምህርት ክፍሉ በኢሜይል ላኩ፤ በእጅ ከሰጣችሁም ሁለት ቅጂ ይዛችሁ አንዱ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስመቱ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ስለ ቀን አቆጣጠሩ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ምርመራው የሚጠናቀቅበት የ60 ቀን ጊዜ የሚጀምረው ጥያቄው ከተላከበት ቀን ሳይሆን ወላጅ የምርመራውን ፈቃድ ከፈረመበት ቀን ነው። ቅጹ ቦርሳ ውስጥ ሦስት ሳምንት ከከረመ ሦስት ሳምንት ጠፋ። ስቴቶች የራሳቸውን ቀን ማውጣት ይችላሉ፤ ቨርጂኒያ ጥያቄው ከደረሰ ጀምሮ 65 የሥራ ቀናት ትሰጣለች። የምርመራውን ፈቃድ ቶሎ ፈርሙ፤ አይኢፒውን ግን በስብሰባው ላይ አትፈርሙ፣ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። ዲስትሪክቱ እምቢ ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ያንን ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። ልዩ ትምህርት ለማያስፈልገው፣ ግን አስም፣ ስኳር ወይም ትኩረት የማጣት ችግር ላለበት ልጅ የ504 ዕቅድ አለ።

ከክፍል ስለ መታገድም ላንሳ። ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በመጣው የ1975ቱ የጎስ ውሳኔ፣ 10 ቀን ወይም ከዚያ በታች ለሚታገድ ተማሪም ክሱ ሊነገረውና የራሱን ወገን ሊናገር ይገባል። አይኢፒ ወይም የ504 ዕቅድ ያለው ልጅ ከ10 ተከታታይ የትምህርት ቀን በላይ ከመታገዱ በፊት ደግሞ፣ ድርጊቱ ከጉዳቱ የመጣ መሆን አለመሆኑ ይመረመራል።

አቤቱታ ሲያስፈልግ ለፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው። ጠበቃም ክፍያም አይጠይቅም፤ አቤት ባይም ተበዳዩ ራሱ መሆን የለበትም። ግን ሁኔታው መለወጡን እወቁ፦ በ2025 የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በእጅጉ ተቀንሷል፣ ከአካባቢ ቢሮዎቹም ብዙዎቹ ተዘግተዋል፣ ስለ እንግሊዝኛ ተማሪዎች በ2015 የወጣው የማብራሪያ ደብዳቤም ተሽሯል። ሕጎቹ ግን የኮንግረስ ናቸው፤ እንደቆሙ ናቸው። ስለዚህ ለልዩ ትምህርት ጉዳይ ለስቴቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሚቀርበውን አቤቱታ አስቀድሙ። ችግሩ ከደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ይቀርባል፣ ስቴቱም በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ከዚያ በፊት የልጁን ሙሉ ፋይል ጠይቁ፤ ፌርፓ በተባለው የ1974 ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቱ ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ ያሳያል።

18 ዓመት ሲሞላችሁ የፋይሉ መብት ከወላጅ ወደ እናንተ ይተላለፋል። አይኢፒም የሁለተኛ ደረጃ መደበኛ ዲፕሎማ ስትቀበሉ ያበቃል፤ ኮሌጅ ድረስ አይከተላችሁም። ኮሌጅ ውስጥ የሚሠራው ሴክሽን 504 እና የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው፤ በእነሱ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ፈልጎ አያገኛችሁም። 12ኛ ክፍል ሳላችሁ የመጨረሻውን ምርመራ ሙሉ ቅጂ ጠይቁ፤ ብዙ ኮሌጆች የቆየ ምርመራ አይቀበሉምና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቢሆን ይመረጣል። መግቢያውን እንዳገኛችሁ፣ ክፍል ከመጀመሩ በፊት፣ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ቢሮ የፈተና ተጨማሪ ጊዜ ወይም የምትፈልጉትን ሌላ ማመቻቸት ጠይቁ፤ የሚሰጠው ከጠየቃችሁበት ቀን ወዲህ ላለው ፈተና ነው፣ ላለፈው አይሠራም።