ባሌ ከኋላዬ ሲነካኝ ለምን እጮኻለሁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው፤ አዘዞ ነው የምኖረው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሰፈራችን ተኩስ ተነስቶ ከልጆቼ ጋር አልጋ ሥር ካደርን ዓመት አለፈን። ዛሬም የድስት ክዳን ሲወድቅ ክው እላለሁ፤ እንቅልፍም የለኝም። ባለፈው ቡና እየቆላሁ ባሌ ከኋላ መጥቶ ትከሻዬን ሲነካኝ ጮኬ ምጣዱን ከነቡናው ለቀቅኩት። ከዚያ ወዲህ «ጠልተሽኛል» እያለ ያኮርፋል። እኔ አልጠላሁትም። ለእንቅልፍ ጎረቤቴ ዲያዚፓም ሰጥታኛለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። አላበድሽም፣ ባልሽንም አልጠላሽም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ? ያንቺም ነገር እሱ ነው። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ክፍል አለ፤ አደጋ የሸተተው ሲመስለው አመዛዛኙ የአንጎል ክፍል ሳይደርስ ልብን ያስመታል፣ ጡንቻን ይወጥራል፣ ያስጮኻል። ያን ሌሊት ይሄ አድኖሻል። አሁን ግን ክዳኑንም፣ የባልሽንም እጅ ከተኩሱ መለየት አቅቶታል። መባነኑ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ያን ሌሊት የሚያስታውስ ነገር መሸሹ ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ኑሮን ካወከ ከከባድ አስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣውን፣ ፒቲኤስዲ የሚባለውን የአእምሮ ሕመም እንጠረጥራለን። በደብዳቤ ብቻ «እሱ ነው» ብዬ አልፈርድም፤ መታየት አለብሽ። ይድናል ወይ ካልሽኝ፣ አዎ፣ ብዙ ሰው በሕክምና ይሻለዋል።

ብዙዎች ቴራፒ፣ ማለትም ከሐኪም ጋር በመነጋገር የሚሰጠውን ሕክምና፣ የሚፈሩት «ገና ቁጭ እንዳልኩ ሁሉንም ተናገሪ ይሉኛል» ብለው ነው። ደግ ሐኪም እንደዚያ አያደርግም። መጀመሪያ የሚያስተምርሽ መረጋጋትን ነው፦ እግርሽን መሬት ላይ አስደግፈሽ፣ ትንፋሽሽን ቀስ አድርገሽ እያወጣሽ፣ ዙሪያሽ የምታይውን አንድ በአንድ እየጠራሽ፣ አሁን ያለሽው ቤትሽ እንጂ አልጋ ሥር እንዳልሆነ ሰውነትሽ እንዲያውቀው። ከዚያ በኋላ ነው፣ አንቺ በፈቀድሽው ልክ፣ ያን ሌሊት ቀስ በቀስ የምታወሩት። ደጋግማችሁ። ሲደጋገም ትዝታው አይጠፋም፣ ግን ያለፈ ነገር መሆን ይጀምራል። እንዲህ ያለው ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይፈጃል። «ሆድ ይፍጀው» ብለን ያደግን ሰዎች ስለሆንን መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ይገባኛል።

አሁን ወደ ባልሽ። እሱ ያን ሌሊት የት ነበር? አልነገርሽኝም። የጠየቅኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ርቆ ከነበረ «ቤተሰቤን ሳልጠብቅ ቀረሁ» የሚል ጸጸት ይዞት ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ስትጮኺ ደግሞ የእሱ ቁስል ይነካል፣ እሱም አፍ አውጥቶ መናገር ስለማይችል ያኮርፋል። እንዲህ እያላችሁ ሁለታችሁም ቆስላችሁ አንድ ቤት ውስጥ ትሸሻሻላችሁ። ስለዚህ በኩርፊያው ሰዓት ሳይሆን ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስትረጋጉ፣ እንዲህ በይው፦ «የምጮኸው አንተን ፈርቼ አይደለም፣ ያ ሌሊት መጥቶብኝ ነው። ከመንካትህ በፊት ስሜን ጥራኝ።» ይሄን ያህል ብቻ። ሌላውን ሐኪሙ ጋ አብራችሁ ሄዳችሁ ታወሩታላችሁ። እጁን የሚያነሳብሽ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ የሚቀድመው ያንቺ ደህንነት ነው፣ ለሐኪሙም ብቻሽን ሆነሽ ንገሪው።

ዲያዚፓሙን ተዪው። እንቅልፍ ቢሰጥሽም ቁስሉን አያክምም፣ ሱስም ያስይዛል። በየቀኑ ለሳምንታት ወስደሽው ከሆነ ግን በአንዴ አታቁሚው፤ መጠኑን ቀስ እያደረገ የሚቀንስልሽ ሐኪም ነው። መድኃኒት ካስፈለገሽ እንደ ሰርትራሊን ያሉ፣ ለድብርትና ለጭንቀትም የሚሰጡ መድኃኒቶች ሊታዘዙልሽ ይችላሉ፤ እፎይታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ አልሠራልኝም ብለሽ እንዳትጥይው። ጠበል መሄድሽንም አልከለክልሽም፣ ሂጂ፤ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ክኒን ግን አታቋርጪ።

ሩቅ አትሂጂ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ደግሞ ልጆችሽ። እነሱም አልጋ ሥር አብረውሽ ነበሩ። ሌሊት የሚቃዡ፣ አልጋ ላይ መሽናት የጀመሩ፣ ካንቺ አልለይም የሚሉ ከሆነ እነሱንም ይዘሻቸው ሂጂ።