የእንግሊዝ የሸክላ ዕቃ ለምትሰበስቡ ልጆች

ልጆች፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ቻሪቲ ሾፕና ካር ቡት (ሰው መኪናው ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥበት ገበያ) እየዞራችሁ አሮጌ የሸክላ ዕቃ ገዝታችሁ ኦንላይን የምትሸጡ እየበዛችሁ ነው፣ እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ ስለሆነ ደስ ይለኛል፣ ግን ትቸኩላላችሁ። ዕቃውን ትገለብጡና ሠሪው ጭቃው ላይ ያተማት ትንሽ ማኅተም ካያችሁ በቃ ወዲያው ስልክ አውጥታችሁ ስም ፍለጋ ነው።

እስቲ ቆዩ። መጀመሪያ መቆሚያውን እዩት። ግሌዝ (ሸክላውን የሚሸፍነው መስታወት መሰል ቅብ) ያልነካው ቦታ ላይ የጭቃው ቀለም ይታያል፣ ቀይ ነው ግራጫ፣ ሻካራ ነው ልስልስ፣ ጠርዙ እንዴት ተቀርጿል፣ እጅ ላይ ሲያዝስ ይከብዳል? ሸክላ ሠሪ ማኅተም ሊቀይር ይችላል፣ የእጁ አመል ግን ቶሎ አይለቀውም።

ማኅተም ደግሞ ይዋሻል እኮ። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ፌዘርስቶን የሚባል እስር ቤት ውስጥ እስረኞች የታዋቂውን እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ የበርናርድ ሊችን ሥራ አስመስለው እየሠሩ የስሙን መነሻ ፊደላት፣ ቢ ኤል፣ ያትሙበት ነበር፣ ሥራቸው የለንደን ትላልቅ ጨረታ ቤቶች ድረስ ገብቷል።

እውነተኛ ሲሆንም ሁሌ የሰው ስም አይደለም። ሊችና ጃፓናዊው ሾጂ ሃማዳ በ1920 ሴንት አይቭስ የከፈቱት ወርክሾፕ የራሱ ማኅተም አለው፣ ኤስና አይ ተደራርበው ሁለት ነጥብ ያለበት። እሱ ብቻ ካለ ከወርክሾፑ ወጣ ማለት ነው እንጂ ሊች በእጁ ሠራው ማለት አይደለም፣ እዛ ስንት ሠራተኛና ተማሪ ነበር። የሊች ተማሪ የነበረው ማይክል ካርዱ በ1926 የጀመረው የዊንችኮምብ ወርክሾፕም ያው ነው፣ ደብልዩ ፒ የቤቱ፣ ኤም ሲ የራሱ።

ፊደሉ እምቢ ካላችሁ አዙሩት፣ ኤም ተገልብጦ ደብልዩ ይሆናል። ባትሪ ከጎን አብሩበት፣ ወይ ስስ ወረቀት ከላይ አድርጋችሁ በለስላሳ እርሳስ ፈግፍጉት፣ ፎቶ የማያወጣውን ያወጣዋል። ቁጥር ካያችሁም ዓመት ነው ብላችሁ አትደምድሙ፣ ሸክላ ሠሪዋ ካትሪን ፕሌይደል ቡቨሪ ለምሳሌ የግሌዟን ቁጥር ነበር ታች የምትጭረው። ካርዱ በኋላ ናይጄሪያ፣ ያኔ አቡጃ በምትባለው፣ አሁን ሱሌጃ በሆነችው ከተማ (ዋና ከተማዋ አቡጃ አይደለችም) ባቋቋመው የሸክላ ማሠልጠኛ የተሠራው ላይ ደግሞ በአረብ ፊደል የታተመ ታገኛላችሁ፣ እነላዲ ክዋሊ፣ ታዋቂዋ ናይጄሪያዊት ሸክላ ሠሪ፣ የሠሩበት ቤት ነው፣ የማያውቅ ሰው ጭረት መስሎት ያልፈዋል፣ እናንተ እንዳታልፉት።

እኔን በጣም የሚከነክነኝ ግን የማይታወቁት ሠሪዎች ነገር ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በየገጠሩ ትንንሽ ወርክሾፕ ከፍተው ማሰሮና ኩባያ ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ናቸው፣ ከነሱ የቀረው አንዳንዴ አንድ ፊደል ብቻ ነው። ዋጋ እንዲያወጣ ብላችሁ "የሊች ተማሪ ሳይሆን አይቀርም" ብላችሁ ስትለጥፉበት የዛችን ሴትዮ ወይ የዛን ሰውዬ ልፋት ለሌላ ሰጣችሁት ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ስርቆት ነው የምለው። ካላወቃችሁ "ሠሪው ያልታወቀ" በሉ። የማኅተሙን ፎቶ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ አንሱ፣ የመቆሚያውንም፣ ከየት እንደገዛችሁትም ጻፉ፣ ሻጩ የሠሪዋን መንደር ካወቀ እሱንም ጨምሩ።

ዓይናችሁን ለማሠልጠን ለንደን ያለው ቪ ኤንድ ኤ ሙዚየም ላይኛው ፎቅ፣ ሸክላው ያለበት፣ ውጡ፣ መግቢያው ነፃ ነው። ዮርክ አርት ጋለሪና ፋርናም ያለው ክራፍትስ ስተዲ ሴንተርም አሪፍ ስብስብ አላቸው፣ ስትሄዱ አንድ ቀን ሙሉ ያዙለት።